ብርሃን የሚሠራው፣ ብርሃን የሚያፈርሰው

ቡራዩ ከሚገኙት የጥርስ ሕክምና ክሊኒኮች በአንዱ የተቦረቦረ ጥርሱን ያስሞላ ሰው የሚከተለውን ሳያይ አልቀረም። ሐኪሙ ነጭና ለስላሳ፣ ሊጥ መሰል ነገር በጥርሱ ቀዳዳ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ቀጥሎም ከጫፉ ሰማያዊ ብርሃን የሚወጣውን ትንሽ መሣሪያ ያስጠጋል፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያም በብረት ጫፍ መታ መታ አድርጎ «አለቀ» ይላል። ሊጡ ድንጋይ ሆኗል። እሳት አልነካውም፤ ነፋስ አላደረቀውም፤ የነካው ብርሃን ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው ፎቶን የሚባለው ነገር በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። ተማሪው የፕላንክን ቋሚ ቁጥር በድግግሞሽ ያባዛል፤ ከብረት ላይ የሚፈናቀለውን ኤሌክትሮን ጉልበት ያሰላል፤ በፈተና ይጠየቅበታል፤ ከዚያም ይረሳዋል። ያ ያሰላው ፎቶን በሰፈሩ ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ ሥራ ላይ መሆኑን የሚነግረው ግን የለም። እኛ የፊዚክስ መምህራን ስለ ፀሐይ ብርሃን ስንናገር ከኤሌክትሪክ ማመንጨት አልፈን የምንሄደው ከስንት አንዴ ነው። ብርሃን ቁስ የሚሠራበትም፣ ቁስ የሚያፈርስበትም መሣሪያ መሆኑ በትምህርታችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ቦታ ይሰጠው የሚል ክርክር ነው። ክርክራችንንም ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላይ እናደርገዋለን፤ ምክንያቱም ጉዳዩ በእነዚህ ከተሞች ሥራና ኑሮ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል፤ ወደ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን አልገባም።

ፖሊመር ማለት ሞኖመር የተባሉ ትንንሽ ሞለኪዩሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ጥጥ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። የጥርስ መሙያው ሊጥ ያልተያያዙ ሞኖመሮች የሞሉበት ሲሆን፣ በውስጡ ካምፎርኪኖን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር በተለይ 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። 1240ን በናኖሜትር በተለካ የሞገድ ርዝመት ብናካፍል የአንዱን ፎቶን ጉልበት በኤሌክትሮንቮልት እናገኛለን፤ እዚህ ላይ ውጤቱ 2.65 ያህል ነው። ካምፎርኪኖን ይህን ጉልበት ተቀብሎ አብሮት ካለ አጋዥ ሞለኪዩል ጋር ሲገናኝ ነጻ ራዲካል ይፈጠራል፤ ማለትም ጓደኛ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ሞለኪዩል። ይህ ራዲካል አንዱን ሞኖመር ይይዛል፤ የተያዘው በተራው ሌላውን ይይዛል፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል። ልብ ሊባል የሚገባው ብርሃኑ ራሱ ሞኖመሮቹን አንድ በአንድ እንደማያያይዛቸው ነው። ብርሃኑ የክብሪት ሥራ ይሠራል፤ በአንድ ፎቶን የተጫረ ሰንሰለት ግን ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ሞኖመሮችን ሊያስከትል ይችላል።

ታዲያ ሙቀትም ሰንሰለት መጀመር ይችል የለምን? ይችላል፤ አብዛኛው የዓለም ፕላስቲክም የሚሠራው በሙቀትና በግፊት ነው። ነገር ግን ሙቀት ወሰን አያውቅም፤ ከተጣደበት ወደ ዳር ይሰራጫል፤ ሲያጠፉትም ወዲያው አይበርድም። ብርሃን በአንጻሩ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ በየትኛው ቀለም የሚሉት አራት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ የሚያገኙበት መሣሪያ ነው። በ1820ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ ብርሃን የነካውን ሬንጅ ከማጠንከሩ ችሎታ ተነሥቶ ከመስኮቱ የሚታየውን ሥዕል በብረት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። የፎቶግራፍ ታሪክ የሚጀምረው በፖሊመር ኬሚስትሪ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1984 ደግሞ አሜሪካዊው ቻክ ሃል ፈሳሽ ሬዚንን በአልትራቫዮሌት ጨረር ንብርብር በንብርብር እያጠነከረ ቅርጽ የሚያወጣውን መሣሪያ ለባለቤትነት መብት አቀረበ፤ ዛሬ ባለ ሦስት ገጽታ ኅትመት የምንለው ሥራ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ይሁንና እስካሁን የገለጽነው ብርሃን ጀማሪ እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም። ጭድ ላይ ክብሪት የጫረ ሰው እሳቱን እንደማያዝዘው ሁሉ፣ የተጀመሩት ሰንሰለቶችም በየፊናቸው ይረዝማሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ሆኖ ይቀራል። ማይክል ሽዋርዝ በ1956 የማይሞቱ፣ ሞኖመር በተጨመረላቸው ቁጥር እድገታቸውን የሚቀጥሉ ሰንሰለቶችን ካሳየ ወዲህ ኬሚስቶች እድገቱን በእጃቸው ለማስገባት ሲደክሙ ኖረዋል። በ1982 ጃፓናዊው ታካዩኪ ኦትሱ በብርሃን የሚሠራ አንድ መንገድ አመለከተ። በ2012 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ብሬት ፎርስና ክሬግ ሆከር ኢሪዲየም ያለበትን ካታሊስት ተጠቅመው ብርሃኑ ሲበራ ሰንሰለቱ የሚያድግበትን፣ ሲጠፋ የሚያንቀላፋበትን፣ ዳግም ሲበራ ካቆመበት የሚቀጥልበትን ሂደት አሳዩ። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሸማኔው ሲመሽ መወርወሪያውን ያኖራል፤ ሲነጋ በዚያው ድር ላይ ማጉን ይቀጥላል፤ ጥለት ሲያስፈልገው ቀለም ይለውጣል። ሞለኪዩል ሠሪውም እንዲሁ ብርሃኑን አጥፍቶ ሞኖመር ይለውጣል፤ አብርቶም በአንዱ ሰንሰለት ላይ ሌላ ጥለት ይሠራል።

ኢሪዲየም ውድ ብረት ነው፤ ለእኛ ላቦራቶሪ የሚሆን አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲው የሲሪል ቦየር ቡድን በ2015 በኢሪዲየም ፈንታ ክሎሮፊልን፣ ያውም ከስፒናች ቅጠል የተገኘውን፣ ተጠቅሞ እንደዚሁ ያለ ቁጥጥር ያለበት እድገት ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ቅጠል በአልኮል አሽቶ ክሎሮፊል ማውጣት በአገራችን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የሚሠራ ነገር ነው። ከዚያ እስከ ቦየር ሥራ ያለው መንገድ ሩቅ መሆኑን አንክድም፤ መነሻው ግን በጓሯችን ነው።

ሌላው የምንሰማው ተቃውሞ ከዚህ የበረታ ነው። ሞኖመሩን ራሱን ከውጭ የምናስመጣ አገር ሆነን ስለ እድገቱ ቁጥጥር መነጋገር ምን ይጠቅመናል ይሉናል አንዳንድ ባልደረቦቻችን። ለዚህ መልስ እንዲሆነን ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ ስለሚባል ተክል እንናገር። ጋን ለማጠብ የምንጠቀምበት የግራዋ ዘመድ ነው። በ1964 የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ፐርዱ በሐረር አካባቢ የዚህን ተክል ዘር ሰበሰበ። የዘሩ ዘይት ሲመረመር አብዛኛው ክፍሉ ቬርኖሊክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። የዚህ አሲድ ሞለኪዩል ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ኤፖክሳይድ ቀለበት አለው። ሌሎች አገሮች የአኩሪ አተርንና የተልባን ዘይት በፋብሪካ አክመው የሚያስገቡትን ቀለበት ይህ የእኛ ተክል በማሳ ላይ ሠርቶት ያድራል። ኤፖክሳይድ ደግሞ በብርሃን ሊጠነክር የሚችል ነገር ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ክሪቬሎ ለብርሃን የሚሆኑ ልዩ ቀስቃሾችን ከሠራ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ከተፈጥሮ የተገኙ ኤፖክሳይድ ያላቸው ዘይቶች በአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ጠጣር ፖሊመር እንደሚለወጡ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ዘር፣ የሌላ አገር ላቦራቶሪ። የቡናና የጤፍ የባለቤትነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ድምፁ የሚጎላው የእኛ ምሁር በዚህ ዘይት ላይ ዝምታን መምረጡ ያስገርመናል።

እርግጥ ነው፣ በፖሊመርና በብርሃን ላይ አገራችን ጨርሶ ባዶ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ በኩል ፕሮፌሰር ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ፣ በኬሚስትሪ በኩል ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞና ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከኦሌ ኢንጋናስ ጋር የተባበሩባቸው ሥራዎችም በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ወጥተዋል። እነዚህ ፖሊመሮች በ2000 ለሂገር፣ ለማክዳያርሚድና ለሺራካዋ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኙት ዓይነት ናቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ዘርፍ ዋናው ጥያቄ ፖሊመር ብርሃንን ተቀብሎ እንዴት ኤሌክትሪክ ይሰጣል የሚል ነው። እኛ የምንለው ጥያቄውን ከሌላኛው ጫፍም እንያዘው ነው፤ ብርሃን ፖሊመርን እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ያፈርሳል?

ማፍረሱ ገንዘብ ያስከፍላልና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ከሰበታ እስከ ሆለታ ባለው አገር የአበባ እርሻዎች በፕላስቲክ ግሪንሃውስ ሥር ይገኛሉ። ግሪንሃውሱን የሚሸፍነው ስስ ፖሊኢትሊን ነው። በዚህ ፖሊመር ውስጥ ካርቦንን ከካርቦን የሚያያይዘውን ትስስር ለመበጠስ 3.6 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ከ345 ናኖሜትር ብርሃን ጋር ይመጣጠናል። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ከ300 ናኖሜትር ገደማ ጀምሮ ምድር ላይ ይደርሳልና ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት አለው ማለት ነው። ንጹሕ ፖሊኢትሊን ይህን ጨረር አይውጥም ነበር፤ ነገር ግን በፋብሪካ ሲቀልጥ ኦክስጅን የነካቸው ጥቂት ቦታዎች ይቀራሉ፤ ጨረሩን የሚውጡት እነዚያ ናቸው። ከዚያ ወዲያ በጥርሱ ሊጥ ውስጥ ያየነው ራዲካል እዚህም ይወለዳል፤ እዚያ የገነባው እዚህ ይንዳል። ፕላስቲኩ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ አንድ ቀን በነፋስ ይቀደዳል።

አምራቾች ይህን ለመከላከል ራዲካሎችን እየያዙ የሚያመክኑ ማረጋጊያዎች ይጨምሩበታል። የፕላስቲኩም ዕድሜ የሚተመነው በዓመት ውስጥ ይቀበላል ተብሎ በሚታሰበው የፀሐይ ኃይል ነው። ሆላንድ ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በዓመት የሚቀበለው 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ወደ 2,000 ይጠጋል። ስለዚህ ለዚያ ሰማይ የአራት ዓመት ተብሎ የተተመነ ፕላስቲክ በዚህ ሰማይ ሥር በተራ ሒሳብ የሁለት ዓመት ነው። ተራው ሒሳብ ደግሞ ይጎድለዋል። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሰበታ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ፣ ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ፀሐይም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በዚህ ላይ የጽጌረዳ አምራቾች ሻጋታን ለመከላከል ድኝ ያጨሳሉ፤ ከድኙ የሚመጣው አሲድ ያንኑ የፕላስቲኩን ማረጋጊያ ሥራ ያስፈታዋል። ገዢው የተጻፈለትን ዕድሜ አምኖ ከገዛ፣ ሲቀደድበት የሚጣላው ከነጋዴው ጋር ነው፤ ጉዳዩ የፎቶኖች ጉዳይ መሆኑን የሚነግረው ባለሙያ አጠገቡ የለም። ያን ባለሙያ ማፍራት የማን ሥራ ነው ቢሉን፣ የእኛ ነው እንላለን።

ከፍታ ሌላም መልክ አለው፤ ይህኛው ለተመራማሪ የሚጥም ነው። ኦክስጅን ለራዲካሎች ጠላት ነው፤ ገና ሲወለዱ ይዞ ያመክናቸዋል። በዚህም ምክንያት በብርሃን የሚጠነክር ሬዚን አየር የሚነካው ላይኛው ገጹ ብዙ ጊዜ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ሥራውም የሚጀምረው በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ካለቀ በኋላ ነው። በሱሉልታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 73 በመቶ ያህል ነው፤ በአዳማ 82 በመቶ ገደማ ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት በሬዚን ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ ሙቀቱ እኩል ከተያዘ፣ አንድ ዓይነት ሬዚን በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ሱሉልታ ላይ ከአዳማ ፈጥኖ መጠንከር መጀመር አለበት። ይህ ከንድፈ ሐሳብ የሚወጣ ግምት ነው፤ በሰዓትና በቴርሞሜትር ሊፈተን ይችላል። በባሕር ዳርቻ ያሉ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች የሚቀኑበት ከፍታ አውቶቡስ ተሳፍረን የምንደርስበት ነው። (የቬርኖኒያው ዘይት የሚጠነክርበት መንገድ በራዲካል ሳይሆን በካታዮን ስለሆነ ኦክስጅን አያስቸግረውም፤ ሁለቱን ማነጻጸር ራሱን የቻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል።)

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪስ? በሦስቱም ከተሞች የሴቶች የውበት ሳሎኖች ውስጥ ጄል የሚባለው የጥፍር ቀለም በትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ይጠነክራል። ያ መብራት የተሟላ የፎቶኬሚስትሪ መሣሪያ ነው። በግልጽ መስተዋት ላይ ወፈር ያለ የጄል ጠብታ አኑሮ ከሥር በኩል በመስተዋቱ ውስጥ ማብራት፣ ያልጠነከረውን በአልኮል ማጠብ፣ የቀረውን ውፍረት በካሊፐር መለካት፤ ከዚያም በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ40 ሰከንድ መድገም። ብርሃን ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር በኤክስፖኔንሺያል ሕግ ስለሚደክም፣ ጊዜው በእጥፍ ሲያድግ ውፍረቱ በእጥፍ አያድግም፤ በየእጥፉ አንድ ዓይነት ጭማሪ ብቻ ያገኛል። ተማሪው ውፍረቱን ከጊዜው ሎጋሪዝም ጋር በግራፍ ቢያሰፍር ቀጥ ያለ መስመር ያያል። ሎጋሪዝም ለምን ተፈጠረ እያለ የሚያማርር ተማሪ ሁሉ ይህን መስመር አንድ ጊዜ በእጁ ቢያወጣ እንወዳለን።

ይህ ሙከራ ዓይን የማይጠይቅ መሆኑም አንድ ጥቅም ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ስለ ብርሃን የሚሰጥ ትምህርት ማየት ለተሳነው ተማሪ ሁልጊዜ የሰው ወሬ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ብርሃን የነካው ጠንክሮ፣ ያልነካው ታጥቦ ይሄዳልና ብርሃን የት እንደነበረ ጣት ይነግረዋል። በፊደል ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን በመስተዋቱ ሥር ቢደረግ፣ ብርሃኑ የጻፈው ፊደል በጣት ይነበባል።

ጥንቃቄውን ግን አንለፈው። ያልጠነከረ ጄል ቆዳን አለርጂ ሊያስይዝ ስለሚችል ያለ ጓንት አይነካም፤ የጠነከረውም በደንብ ካልታጠበ በጣት አይዳሰስም፤ ወደ መብራቱም በቀጥታ አይታይም። ከቀስቃሾቹም አንዱን፣ ቲ ፒ ኦ የሚባለውን፣ የአውሮፓ ኅብረት ለመራባት ጤና ያሰጋል ብሎ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከጥፍር ቀለም ውስጥ አግዶታል። እዚያ የታገደው ቀሪ ዕቃ ወደ እኛ ገበያ እንዳይፈስ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት፤ በየሳሎኑ ከጠዋት እስከ ማታ ጄሉን የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ናቸውና።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ጣራ ላይ ወደ ደቡብ ያዘነበለ የእንጨት መደርደሪያ ይሠራ። በገበያ ላይ ካሉት የግሪንሃውስ ፕላስቲኮች እኩል የተቆረጡ ጨርቃ መሰል ቁራጮች ይወጠሩበት፤ ከየዓይነቱ ጥቂቶች በጥቁር ሣጥን ውስጥ ለማነጻጸሪያ ይቀመጡ። በየወሩ ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ቁራጭ ወርዶ፣ ጄሪካን ተንጠልጥሎበት እስኪበጠስ ውኃ በሊትር እየተለካ ይጨመርበት። ተማሪው ወሩንና ሊትሩን በደብተር ይጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲው የአልትራቫዮሌት መለኪያ አንድ ለየከተማው ያውስ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአበባ አምራቹ በሌላ አገር ሰማይ ሥር በተጻፈ ዕድሜ ፈንታ በሰበታ ጣራ ላይ የተለካ ዕድሜ ይኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች በጥቅምት ቢወጠሩ፣ የክረምቱ ደመና እስኪመጣ ድረስ ስምንት ወር ያህል በአብዛኛው የጠራ ሰማይ ያገኛሉ።